አንድ የቁልፍ ምት ወዴት ይሄዳል? አቋራጭ ቁልፎችን በመስኮት ክፍሎች ላይ ስለማሰር

የሌዘር ብርሃን በጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ሲያልፍ የሚያሳየውን የዲፍራክሽን ባሕርይ ለመለካት ጨለማ ክፍል ያስፈልጋል። ተማሪው በአንድ እጁ የማይክሮሜትሩን ዊንጣ እያዞረ ፎቶዳዮዱን በትንንሽ እርምጃ ያንቀሳቅሳል፤ በሌላው እጁ ደግሞ በየእርምጃው አንድ የኪቦርድ ቁልፍ እየተጫነ ኮምፒዩተሩ የቮልቴጁን ንባብ እንዲመዘግብ ያደርጋል። ስክሪኑ ራሱ ብርሃን ስለሚረጭ ፊቱ ወደ ግድግዳ ይዞራል። ጠቋሚውን የሚያይ ሰው ስለሌለ ማውስ በዚህ ክፍል ውስጥ ዋጋ የለውም። ያለው አማራጭ በዳሰሳ የሚገኝ ቁልፍ ብቻ ነው።

ለዚህ ሙከራ የሚሆን አነስተኛ ፕሮግራም ከጥቂት ዓመታት በፊት ጽፈን ነበር። በመስኮቱ ላይ ማስታወሻ የሚጻፍበት ሳጥን፣ «መዝግብ» እና «ሁሉንም አጥፋ» የሚሉ ሁለት በተኖች፣ ከሥራቸውም የንባቦቹ ሠንጠረዥ ይታያሉ። በጨለማ ለማግኘት ከሁሉ የሚቀለው ቁልፍ ስፔስ ስለሆነ፣ ስፔስ በተጫነ ቁጥር አንድ ንባብ እንዲመዘገብ አደረግን። ፕሮግራሙን ራሳችን ሞከርነው፤ ሠራ። ከዚያ በኋላ አንዲት ተማሪ ሁለት ሰዓት ያህል በጨለማ ቆይታ ስልሳ ንባብ ወሰደች። መብራት ሲበራ በሠንጠረዡ ውስጥ የተገኘው አንድ ንባብ ብቻ ነበር፤ እርሱም የመጨረሻው።

ተማሪዋ የተባለችውን ሁሉ በትክክል ፈጽማለች። ጥፋቱ የእኛ ነበር። ምክንያቱን ለማግኘት አንድ ቀን ሙሉ ወስዶብናል፤ ያገኘነው መልስ ግን ፕሮግራም መጻፍ ለጀመረ ማንኛውም ተማሪ ጠቃሚ ሆኖ ስለታየን በዚህ ጽሑፍ እናቀርበዋለን።

አስቀድመን አንድ የቃል ችግር እናቃልል። በአማርኛ የኪቦርዱንም ሆነ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን «ቁልፍ» ማለት ተለምዷል። እዚህ ሁለቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስለሚገናኙ፣ የኪቦርዱን «ቁልፍ»፣ የስክሪኑን ደግሞ «በተን» እንላለን። በተን፣ የጽሑፍ ሳጥን፣ ዝርዝር፣ ሠንጠረዥና እነዚህን የመሳሰሉ የመስኮት ክፍሎች በጥቅሉ «ዊጀት» ይባላሉ። ዊጀቶችን አዘጋጅቶ ለፕሮግራም ጸሐፊው የሚያቀርበው ሶፍትዌር የመሣሪያ ስብስብ ነው። እኛ የተጠቀምንበት ቲኬ ይባላል። ቲኬን የሠሩት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ያስተምሩ የነበሩት ጆን ኦስተርሃውት ሲሆኑ፣ ቲሲኤል ለተባለው የፕሮግራም ቋንቋቸው ጓደኛ እንዲሆን ያዘጋጁት ነው፤ ለሁለቱም ሥራዎች እ.ኤ.አ. በ1997 የሶፍትዌር ሥርዓት ሽልማት አግኝተዋል። ዛሬ አብዛኛው ተማሪ ቲኬን የሚያውቀው በፓይተን ቋንቋ በኩል፣ ቲኪንተር በሚለው ስሙ ነው። ዕድሜው ቢገፋም አልሞተም፤ 9.0 የተባለው ዕትም እ.ኤ.አ. በ2024 ወጥቷል።

ትኩረትና አራቱ ጣቢያዎች

አንድ ቁልፍ ሲጫን ኮምፒዩተሩ የሚያየው አንድ «ክስተት» ነው። ክስተቱ የትኛው ቁልፍ እንደተጫነና ከእርሱ ጋር ኮንትሮል፣ ሺፍት ወይም አልት ተይዘው እንደነበር ይናገራል። የማውስ ምት ጠቋሚው ያረፈበትን ዊጀት ያገኛል። የቁልፍ ምት ግን ቦታ የለውም፤ ስለዚህ ማን እንደሚቀበለው የሚወስን ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ይህ «ትኩረት» ይባላል። በአንድ ጊዜ ትኩረት የሚኖረው አንድ ዊጀት ብቻ ነው፤ ታብ የተባለው ቁልፍ በተጫነ ቁጥር ትኩረቱ ወደሚቀጥለው ዊጀት ይሻገራል።

እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኛን ያሳተን ቀጥሎ ያለው ነው። በቲኬ ውስጥ ክስተቱ ትኩረት ያለውን ዊጀት አግኝቶ እዚያው አይቆምም። በነባሪው ሥርዓት በአራት ጣቢያዎች በቅደም ተከተል ያልፋል። የመጀመሪያው ዊጀቱ ራሱ ነው፤ ሁለተኛው የዊጀቱ መደብ፣ ማለትም ለበተኖች ሁሉ ወይም ለጽሑፍ ሳጥኖች ሁሉ በጋራ የተደነገገው ጠባይ ነው፤ ሦስተኛው ዊጀቱ ያለበት መስኮት፣ አራተኛው ደግሞ «ሁሉም» የተባለው፣ በፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን ዊጀት ሁሉ የሚመለከት ጣቢያ ነው። በየጣቢያው ለዚያ ቁልፍ የታሰረ ተግባር ካለ ይፈጸማል፤ በአንድ ጣቢያ ከአንድ በላይ የሚስማማ ካለ ይበልጥ የተወሰነው ብቻ ይመረጣል። ከዚያ ክስተቱ ወደሚቀጥለው ጣቢያ ይጓዛል። በአንዱ ጣቢያ መፈጸሙ በሌላው ከመፈጸም አያግደውም።

አሁን ወደ ጨለማው ክፍል እንመለስ። እኛ ስፔስን ያሰርነው በሦስተኛው ጣቢያ፣ በመስኮቱ ላይ ነበር። ተማሪዋ ሥራዋን ስትጀምር ትኩረቱ ከመስኮቱ ጋር ስለነበረ በአንድ ምት አንድ ንባብ ተመዘገበ። ከሃያ ንባብ በኋላ ሌዘሩ ትንሽ እንደተንቀሳቀሰ ስለጠረጠረች በታብ ወደ ማስታወሻው ሳጥን ገብታ ሦስት ቃላት ጻፈች። በሦስት ቃላት መካከል ሁለት ክፍተት አለ። የሳጥኑ መደብ ስፔሱን እንደ ባዶ ቦታ ጻፈው፤ ክስተቱ ቀጥሎ ወደ መስኮቱ ሲደርስ የእኛ ተግባር ሁለት የሐሰት ንባብ መዘገበ። ከሳጥኑ ለመውጣት ታብን ስትጫን ትኩረቱ «መዝግብ» በሚለው በተን ላይ አረፈ። የበተን መደብ በተፈጥሮው ስፔስን እንደ ምት ይቆጥራል፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ምት በተኑ አንድ ንባብ፣ መስኮቱም ሌላ ንባብ፣ በጠቅላላው ሁለት ሁለት ይመዘገብ ጀመር። ቆይታ ከሳጥኑ መውጣቷን ለማረጋገጥ ታብን አንድ ጊዜ ደገመችው። ትኩረቱ «ሁሉንም አጥፋ» ላይ ሆነ። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ምት በተኑ መጀመሪያ ሠንጠረዡን ጠራርጎ ያጠፋል፤ መስኮቱ ደግሞ ተከትሎ አንድ ንባብ ይጽፋል። ሠንጠረዡ እስከ መጨረሻው ድረስ አንድ መስመር ብቻ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

እኛ ስንሞክረው ለምን አልታየም? ታብን ስላልነካን ነው። መሣሪያውን የሠራ ሰው መሣሪያውን የሚፈትነው ሳያውቀው በለመደው መንገድ ብቻ ነው።

ምቱን ማቆም

የመጀመሪያው ሐሳባችን የመስኮቱ ተግባር ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ክስተቱን እንዲያስቆም ማድረግ ነበር። ቲኬ ለዚህ «ብሬክ» የሚል ቃል አለው፤ አንድ ተግባር ይህን ቃል ሲመልስ ክስተቱ ወደ ቀሩት ጣቢያዎች አይሄድም። ነገር ግን ልብ በሉ፤ መስኮቱ ሦስተኛ ጣቢያ ነው። እርሱ «ብሬክ» ቢል የሚያስቆመው አራተኛውን ብቻ ነው። የበተኑ መደብ ሁለተኛ ስለሆነ ሠንጠረዡ ቀድሞ ጠፍቷል።

የጣቢያዎቹ ዝርዝር ግን ቋሚ አይደለም። እያንዳንዱ ዊጀት የራሱን ዝርዝር ይዞ ይዞራል፤ ፕሮግራም ጸሐፊው ቅደም ተከተሉን ሊቀይር፣ አዲስ ጣቢያ ሊጨምር ወይም ያለውን ሊያወጣ ይችላል። «የሙከራ ቁልፎች» የሚል አምስተኛ ጣቢያ ፈጥረን በየበተኑ ዝርዝር ራስ ላይ ብናስቀምጠው፣ ምቱን ከመደቡ በፊት ይቀበላል፤ ንባቡን መዝግቦ «ብሬክ» ሲል በተኑ ስፔሱን ፈጽሞ አያየውም። በማስታወሻው ሳጥን ላይ ግን ይህን ማድረግ አይገባም፤ ያለዚያ ማስታወሻ ጸሐፊው በቃላት መካከል ክፍተት መተው አይችልም። ሳጥኑ የሚያስፈልገው የተገላቢጦሹ ነው፦ መደቡ ስፔሱን ይጻፍ፣ መስኮቱ ግን አይስማ። ይህም የሚሆነው የመስኮቱን ጣቢያ ከሳጥኑ ዝርዝር በማውጣት ነው።

የማጥፊያው በተን በታብ እንዳይደረስበት ማድረግም ይቻላል። እኛም አደረግነው። «በእርግጥ ይጥፋ?» የሚል የማረጋገጫ መስኮት ይጨመር ያሉ ባልደረቦችም ነበሩ፤ ነገር ግን የዚያ መስኮት የመጀመሪያ በተን «አዎ» ከሆነና ትኩረቱም በእርሱ ላይ ካረፈ፣ በጨለማ ያለ ሰው ሁለተኛው ስፔስ ማረጋገጫውንም ይሰጣል።

ተመሳሳይ ወጥመድ በትልቁ የጽሑፍ ዊጀት ላይም አለ። ለዚህ ዊጀት መደብ ከኢማክስ የተወረሱ ብዙ አቋራጮች አሉት፤ ኢማክስ እ.ኤ.አ. በ1976 በኤምአይቲ የተጀመረ የጽሑፍ ማዘጋጃ ነው። ኮንትሮል ከኬ ጋር ሲጫን እስከ መስመሩ መጨረሻ ያለው ይጠፋል፤ ከቲ ጋር ሁለት ፊደላት ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ከኦ ጋር አዲስ መስመር ይገባል። ተማሪዎች የመጀመሪያውን የጽሑፍ ማዘጋጃ ሲሠሩ ኮንትሮልንና ኦን «ፋይል ክፈት» ከሚለው ተግባር ጋር በመስኮቱ ላይ ያስራሉ፤ ፋይሉ ይከፈታል፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ባዶ መስመርም አብሮ ይገባል። አንባቢያችን ምክንያቱን አሁን ራሱ ሊናገር ይችላል። መድኃኒቱም ተግባሩን በመጀመሪያው ጣቢያ፣ በዊጀቱ በራሱ ላይ አስሮ «ብሬክ» ማስመለስ ነው።

በዚህ ረገድ ሌሎች የመሣሪያ ስብስቦች የተለየ መንገድ መርጠዋል። በጃቫ ስዊንግ ውስጥ እያንዳንዱ ዊጀት ሦስት የቁልፍ ሰንጠረዦች አሉት፤ አንዱ ትኩረት በራሱ ላይ ሲሆን፣ ሁለተኛው ትኩረት በውስጡ ባለ ዊጀት ላይ ሲሆን፣ ሦስተኛው በመስኮቱ ውስጥ የትም ሲሆን ይሠራሉ። ኪውት ደግሞ ነገሩን ገልብጦታል፤ ቁልፉ ወደ ዊጀቱ ከመድረሱ በፊት የታወጀ አቋራጭ መኖሩን ይፈትሻል፤ ትኩረት ያለው ዊጀት «ይህ የኔ ነው» ካላለ በቀር አቋራጩ ይቀድማል። ሁለት አቋራጮች በአንድ ቁልፍ ላይ ቢገጥሙም አንዱን በዝምታ አይመርጥም፤ ግጭት መኖሩን ያሳውቃል። በእኛ አስተያየት ለጀማሪ የኪውት መንገድ ከስህተት ይጠብቃል፤ የቲኬ መንገድ ግን ውስጡ ክፍት ስለሆነ ለማስተማር ይበልጣል።

ቁልፉን ማን ይምረጥ?

ስፔስን ትተን ሌላ ቁልፍ ለመምረጥ ስንነጋገር ክርክር ተነሣ። ዊንጣውን በቀኝ እጅ የሚያዞር ሰው ቁልፉን በግራ በኩል ይፈልጋል፤ ግራኝ የሆነው ደግሞ በቀኝ በኩል። በቤተ ሙከራው ካሉት ላፕቶፖች አንዳንዶቹ የኤፍ ቁልፎችን ለማግኘት ሌላ ቁልፍ አብሮ መያዝን ይጠይቃሉ። ኤፍ10ን ለመጠቀም ያሰበም ነበር፤ እርሱ ግን በቲኬ ውስጥ ሜኑ የሚከፍት ቁልፍ ነው። ለዶክትሬት ትምህርት በውጭ ሀገር በነበርንበት ጊዜ አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን በጨለማ የሚጠቀሙበትን ቁልፍ ትንሽ የብርጭቆ ወረቀት ለጥፈውበት እንደነበር ትዝ አለን። እሳቸው ቁልፉን የመረጡት ለራሳቸው እጅ ነው። በመጨረሻ የተስማማነው ምርጫውን ለተጠቃሚው መተው በሚለው ላይ ነው።

ለዚህ የሚረዳው «ምናባዊ ክስተት» የተባለው የቲኬ ዘዴ ነው። በተለመደው መንገድ ቁልፍ በቀጥታ ከተግባር ጋር ይታሰራል። በዚህኛው ግን በመካከል አንድ ስም ይገባል። «ንባብ መዝግብ» የሚል ክስተት እንፈጥራለን፤ ተግባሩን ከዚህ ስም ጋር እናስረዋለን፤ ቁልፎቹን ደግሞ ለብቻ ለስሙ እንሰጣለን። ቁልፉ ቢቀየር ተግባሩን የያዘው የፕሮግራም ክፍል አይነካም። ቲኬ ራሱም መቅዳትን፣ መቁረጥን፣ መለጠፍንና ሁሉንም መምረጥን የሚያስተናግደው በዚህ ዘዴ ነው፤ ኮንትሮልና ኤ በዊንዶውስ ሁሉንም ሲመርጡ በሊነክስ ግን ጠቋሚውን ወደ መስመሩ መጀመሪያ የሚወስዱት፣ ያው የቁልፍ ጥምረት በሁለቱ ሥርዓቶች ለተለያየ ስም ስለተሰጠ ነው።

ከፓይተን ጋር የሚመጣው አይድል የተባለው ማዘጋጃ የተሠራው በቲኬ ስለሆነ ይህን በተግባር ማየት ይቻላል። በምርጫዎቹ መስኮት ውስጥ «ቁልፎች» የሚለውን ገጽ የከፈተ ሰው በግራ በኩል የተግባሮቹን ስም፣ በአንጻሩም የተሰጣቸውን ቁልፍ ያገኛል፤ የራሱን ስብስብ ሠርቶም በስም ማስቀመጥ ይችላል። የእኛ ፕሮግራም ከዚህ ያነሰ ነው። ተግባርንና ቁልፍን ጎን ለጎን የያዘ ተራ የጽሑፍ ፋይል ሲነሣ ያነባል፤ አንድ ቁልፍ ለሁለት ተግባር ተሰጥቶ ከተገኘ ሥራ አልጀምርም ይላል። ይህ የመጨረሻው እጅግ አስፈላጊ ነው። ቲኬ አንድ ቁልፍ በአንድ ጣቢያ ላይ ሁለት ጊዜ ሲታሰር «ጨምር» ካልተባለ በቀር አሮጌውን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ በአዲሱ ይተካዋልና።

በሜኑ ላይ ከተግባሩ ስም ጎን የሚጻፈው የአቋራጭ ምልክት በቲኬ ውስጥ ጽሑፍ ብቻ መሆኑም መታወቅ አለበት። «ኮንትሮል ኤስ» ብሎ በሜኑ ላይ መጻፍ ቁልፉን አያስረውም፤ ማሰሩ የተለየ ሥራ ነው። ስለዚህ ሜኑው ጽሑፉን ከዚያው ፋይል ካላነበበ፣ ተጠቃሚው ቁልፉን በቀየረ ማግስት ሜኑው ሐሰት ይናገራል።

የግእዝ ፊደልና ኮንትሮል

በአማርኛ የሚጽፍ ተጠቃሚ የሚገጥመው የተለየ ችግር አለ። ቲኬ «ኮንትሮል ኤስ» ሲባል የሚጠብቀው የቁልፉን ቦታ ሳይሆን ቁልፉ የሚያወጣውን ምልክት ነው። በዚህም ምክንያት ካፕስ ሎክ ሲበራ ትንሹ ኤስ ትልቁ ኤስ ስለሚሆን፣ ለትንሹ ብቻ የታሰረው አቋራጭ ዝም ይላል። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 የራሱን ቁጥሮች ካገኘ ወዲህ፣ ቁልፉ በቀጥታ የግእዝን ፊደል የሚያወጣበት የኪቦርድ አሠራር አለ። ይህ በርቶ ሳለ ኮንትሮልን ይዞ ያንኑ ቁልፍ የተጫነ ሰው ለቲኬ የላከው ኤስን አይደለም፤ ስለዚህ ፋይሉ አልተቀመጠም፤ ስህተት የሚል መልእክትም አይመጣም። የሩሲያ ፊደል ተጠቃሚዎችም በዚሁ ነገር ሲማረሩ ኖረዋል። የላቲን ፊደላትን ተቀብሎ በድምፅ ወደ ግእዝ የሚለውጥ ሶፍትዌር የሚጠቀም ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ አይደርስበትም፤ ኮንትሮል ሲያዝ ሶፍትዌሩ ምቱን ሳይነካው ያሳልፈዋልና።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በምልክቱ ፈንታ የቁልፉን ቁጥር መመልከት ነው፤ የኤስ ቁልፍ በዊንዶውስ 83፣ በተለመደው የሊነክስ ኮምፒዩተር ደግሞ 39 ነው። ቁጥሩ በየሥርዓቱ ስለሚለያይ ሰንጠረዥ መያዝ ግድ ነው። ሁለተኛው ከፊደል ጋር ንክኪ የሌላቸውን ቁልፎች፣ በተለይም ኤፍ1፣ ኤፍ2 እያሉ የሚሄዱትን መጠቀም ነው። እኛ ሁለተኛውን መርጠናል። በዊንዶውስ አልትና ሺፍት በአንድነት ሲጫኑ የጽሕፈት ቋንቋ የሚቀየርበት ልማድ ስላለ፣ ሁለቱን ያጣመረ አቋራጭ ሁለት ቋንቋ ለሚጽፍ ሰው አይመከርም።

የተያዘ ቁልፍ

ለፊዚክስ ተማሪ የሚጥም አንድ ነገር ቀርቷል። ቁልፍ ለጥቂት ጊዜ ተይዞ ከቆየ ኪቦርዱ ምቱን ራሱ ይደጋግመዋል፤ በዚህም አንድ ረዘም ያለ ጣት ብዙ ንባብ ያስመዘግባል። ቁልፉ ሲለቀቅ ብቻ ይመዝገብ ብንልስ? በዊንዶውስ ይሠራል፤ እዚያ የሚደጋገመው መጫኑ ብቻ ነው። በሊነክስ በኤክስ መስኮት ሥርዓት ግን በተለምዶ ለእያንዳንዱ ድግግሞሽ የሐሰት መልቀቅና መጫን ጥንድ ሆነው ይመጣሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ እጅግ አጭር ስለሆነ፣ መልቀቅ ሲመጣ ጥቂት ሚሊሰከንድ ጠብቆ መጫን ወዲያው ካልተከተለው ብቻ እውነተኛ ነው ማለት ይቻላል። በኤሌክትሮኒክስ ቤተ ሙከራ የሜካኒካል ማብሪያ ማጥፊያ ሲነካ የሚፈጥረውን መንጠርጠር በኮንደንሰር ያስታገሠ ተማሪ ይህ ያው ዘዴ መሆኑን ይረዳል። እኛ ሁለቱንም ሥርዓት በአንድ ለመገላገል፣ ካለፈው ንባብ በኋላ 300 ሚሊሰከንድ ሳይሞላ የመጣን ምት ሁሉ እንዲጥል አድርገናል፤ ዊንጣ በዚህ ፍጥነት የሚያዞር ሰው የለም።

ተማሪዋ ሙከራውን በሳምንቱ ደገመችው። በፋይሏ ውስጥ ለመመዝገቢያ ኤፍ1ን፣ የመጨረሻውን ንባብ ለመሰረዝ ደግሞ ኤፍ4ን ጻፈች። «ሁሉንም አጥፋ» ለሚለው ምንም ቁልፍ አልሰጠችውም።

ለአንባብያን የሚከተለውን ጥያቄ እንተዋለን። በአንድ መስኮት ላይ ሁለት የጽሑፍ ሳጥኖች አሉ። ኤፍ5 በመጀመሪያው ሳጥን በራሱ፣ በሳጥኖቹ መደብ፣ በመስኮቱና «ሁሉም» በተባለው ጣቢያ ላይ አራት የተለያዩ ቃላት እንዲያትም ታስሯል፤ የመጀመሪያው ሳጥን ተግባር ቃሉን አትሞ «ብሬክ» ይመልሳል። ትኩረቱ በመጀመሪያው ሳጥን ላይ ሲሆን ስንት ቃላት ይታተማሉ? በሁለተኛው ላይ ሲሆንስ? የመጀመሪያው ሳጥን የጣቢያዎች ዝርዝር ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ቢገለበጥ መልሱ እንዴት ይለወጣል? በወረቀት ከሠራችሁ በኋላ በኮምፒዩተር አረጋግጡት።